ባለቤቱን ይዞ የወጣው እንግዳ

«ስምሽን ከመዝገቤ አልፍቀውም። ከጎኑ ‹ሄዳለች› ብዬ እጽፋለሁ እንጂ አልፍቀውም።» እንዲህ ነበር ያሉኝ መምህር ቀለመ ወርቅ፣ ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጬ ለባል የወጣሁ ዕለት። ምን አስታወሰኝ ይመስልዎታል እትዬ አልጣሽ? ዝናቡ ነው። ያን ቀንም እንዲህ ከማለዳው ሲያካፋ ነበር።

እንዴት አደሩልኝ ለመሆኑ? ጉልበትዎ ሻል አለዎት? … ይመስገን። ትርሲት? ደኅና ናት፤ ያችውልዎት ከባዶ ጆንያዎቹ ላይ ተኝታለች። ጥርስ እያወጣች ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። ትናንት የኮምፒውተሩን ገመድ አፏ ልታስገባ ስትል ደረስሁባት። ነክሳው ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ይህ ከፊትዎ ያለው ደብዳቤ የሚጻፈው በእሷ ስም ነበር። ለነገሩ እናቷን ባተረፈች።

በሩን ልዝጋው ይላሉ? ተዉት ግድ የለም፣ ገርበብ እንዳለ ይሁን። ውስጥ ያሉት ሰው አየር ያግኙ። የተማረ ሰው አየር ይፈልጋል። ደግሞስ ሥራ ላይ ናቸው፤ የሁለት ሴቶች ወሬ ከጆሯቸው ይገባል ብለው ነው? … ጣታቸው ግን የኮምፒውተሩን ቁልፍ መምታት አቆመ መሰለኝ። እያሰቡ ይሆናል።

እኔ ስለ ማንም አላወራም። ስለ ዝናቡ ነው የማወራው። ስለ ዘር ጊዜው። ይኸው ዛሬ አርብ ነው፤ ገበያው ሳይቆም ገበሬዎቹ አህያቸውን እየነዱ መጥተው በረንዳውን ሞልተውታል። ምን ያድርጉ? ግንቦት አለቀ። ታኅሣሥ ላይ መርጠው፣ አበጥረው፣ «አደራ» ብለው ያስቀመጡብንን የገብስ ዘር ሊወስዱ ነው የመጡት። ዘራቸውማ አለ፤ የማኅበሩ መጋዘን እስከ ጣሪያው ሙሉ ነው። የቱ የማን እንደሆነ ነው የጠፋው። የቱ ቶሎ የሚደርስ፣ የቱ የሚዘገይ እንደሆነ ነው የጠፋው። ጆንያው ላይ ቁጥር ብቻ አለ። ስሙ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር… ነበር።

ድሮ እኮ ከጆንያው አፍ ላይ የባለቤቱ ስም ያለበት ቁራጭ ካርቶን እናንጠለጥል ነበር፤ ያስታውሱታል? «ይኼ ኋላ ቀር ነው፣ ቁጥር ይበቃል» ተባልንና ቆርጠን ጣልነው። እውነትም ቁጥር ንጹሕ ነገር ነው። አባት የለው፣ አገር የለው፣ ማሳ የለው። ክረምት ከብዶት አያውቅ። አይራብም።

ደብዳቤውንማ አየሁት። አይሸፍኑት እትዬ፤ ስሜን ተገልብጦም ቢሆን አነበዋለሁ። «የዘር መዝገቡን በግድየለሽነት በማጥፋቷ ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ…» ከዚያ በታች ክንድዎ ይዞታል። የእርስዎ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው፣ አይደል? አልተቆጣሁም እኮ። እንዲያውም ጽሕፈቱ ያምራል። የተማረ ሰው ያረቀቀው እንዲህ ነው፤ እናትን ከነልጇ ከሥራ ሲያወጣ እንኳ «ከሰላምታ ጋር» ማለት አይረሳም።

ይልቅ ስለ አንድ እንግዳ ላውራዎት። ውስጥ ስላሉት አይደለም፣ ኧረ በጭራሽ። ስለ ሌላ እንግዳ ነው።

ዳኛቸውን አይረሱትም፣ ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ያቆመልንን። ሊኑክስ የሚሉትን፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ነው የጫነበት። ያልተማረ ሰው ሲጠይቀው የማያፍር ልጅ ነበር፣ ምስኪን፤ ለዚያ ይሆናል ሳያድግ ከነበረበት የቀረው። «በዚህ ማሽን ውስጥ ሁለት ዓይነት ስም አለ» አለኝ። «አንደኛው ሰው ነው፤ ይገባል፣ ይጽፋል፣ ይወጣል። ሁለተኛው ሰው ያልሆነ ስም ነው። ፕሮግራሙን የሚያገለግል አሽከር በይው። አይበላም፣ አይጠጣም፣ የይለፍ ቃል የለውም፣ በፊት በር አይገባም። ሥራው ብቻ በስሙ ይሠራል።» እንዲህ ያለ አሽከር ቢገኝ ማን ይጠላል እትዬ? ጡት አያጠባ፣ ልጄ ታመመችብኝ አይል።

ለዘር መዝገቡም እንዲህ ያለ አንድ ስም አወጣለት፤ «ዘር» ብሎ። ቤትም ሠራለት። እነሱም ቤት ነው የሚሉት፣ የዚያ ስም ዕቃ ሁሉ የሚቀመጥበትን ቦታ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተየብሁት የገበሬው ስም፣ ቀበሌው፣ ማሳው፣ የገብሱ ዓይነት፣ የጆንያው ቁጥር፣ ሁሉም እዚያ ቤት ውስጥ ነበር። ይችን ትርሲትን አርግዤ የተየብሁት። ወልጄ፣ አዝዬ የተየብሁት።

እንግዲህ ሚያዝያ ላይ ከባሕር ዳር ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። ያኔ አንድ በጣም የተማሩ፣ በጣም ትሑት የሆኑ ሰው… ስም አልጠራም፣ የሰው ስም ማንሣት አልወድም… ለጎብኚዎቹ በቀለም የሚታይ ፕሮግራም ሠሩ። ዕድሜያቸው ከእኔ ያንሳል፤ ቢሆንም «እሳቸው» እላለሁ። እውቀት ሽበት ነው። ጫማቸውን አይተውት ያውቃሉ? በዚህ ጭቃ፣ በዚህ መንገድ፣ አንድ ጠብታ አይነካውም። ሰው እግሩን ከምድር ላይ ካላሳረፈ እንዴት ይቆሽሻል?

ፕሮግራሙም እንደ ጫማው ነበር። ገብሱ ቢጫ፣ ስንዴው ቀይ፣ ባቄላው አረንጓዴ ሆኖ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ፣ ተቆራርጦ ታየ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብሁ። ከዚያ ዳቦ ማንም እንደማይበላ ያኔ አላወቅሁም።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም ብቻውን አይመጣም። ሲገባ ምን እንደሚያደርግ፣ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ትንሽ ጽሑፍ አብሮት አለ፤ ስክሪፕት ይሉታል። የእንግዳ ሥርዓት ነው በሉት። ሲገባ «‹ዘር› የሚባል ስም አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሌለ ይፈጥራል፤ ካለ ያልፋል። አለ። ስለዚህ ዝም ብሎ ገባ፣ ሰው ቤት፣ ሰው መደብ ላይ። እሱስ ይሁን፣ እንግዳ ክቡር ነው።

ጎብኚዎቹ በሄዱ በማግሥቱ ፕሮግራሙ ይውጣ ተባለና ወጣ። ሲወጣ ምን ይላል መሰለዎት? «‹ዘር›ን ከነቤቱ አጥፋ።» በቃ። «እኔ ነኝ ወይ የፈጠርሁት? ከእኔ በፊት እዚህ የኖረ አለ ወይ?» አላለም። ንጽሕና እንዲህ ነው። አድሮ ሲወጣ ያደረበትን ያነጠፈ እንግዳ አይቻለሁ። ባለቤቱን፣ ጎታውን፣ ምሰሶውን ጠራርጎ አውጥቶ፣ በሩን እንኳ ለመዝጋት በር ያላስቀረ እንግዳ ግን… የተማረ ካልሆነ ማን ይችለዋል? እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ይባል የለ? በአራተኛው ምን እንደሚሆን አባቶቻችን ሳይነግሩን ሞቱ። እኛ ዕድለኞች ነን፣ አየነው።

እኛ ባላገሮቹ እንኳ ደቦ ስንጠራ… ደቦ የመጣ ሰው ሲመሽ የራሱን መንሽ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚሄደው። አውድማው ላይ የቀረውን ሁሉ «የእኔ ነው» ብሎ እሳት አይለቅበትም። የራሱን መንሽ ረስቶ ቢሄድ እንኳ ከጎተራው ሥር ይቀመጥለታል። ዳኛቸውም «የሄደ ስም ይቆለፋል እንጂ አይነቀልም» ይል ነበር። መምህር ቀለመ ወርቅ ደግሞ ኮምፒውተር በዓይናቸው ያላዩ ሰው ነበሩ፤ ለምን እንደማይፍቁኝ ብጠይቃቸው «ስሙን ብፍቀው፣ ከጎኑ ያለውን ውጤት የማን ነው ልበል?» አሉኝ። ኋላ ቀር ነበሩ እኮ፣ ነፍሳቸውን ይማርና።

ወንበር ነው እንዴ ሲጥ ያለው? … ዝናቡ ይሆናል።

እኔ እንዲያው ሳስበው፣ ማስጠንቀቂያ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። መጀመሪያ ሲጭኑት አጠገባቸው ነበርሁ። ማሽኑ «ይህ ስም ቀድሞ አለ» ብሎ ጻፈ። «ይህ ምን ማለቱ ነው?» ብላቸው፣ «አንቺ መተየብሽን ቀጥይ እናቴ» አሉኝ። እናቴ ማለታቸው ደስ አለኝ፤ በሁለት ዓመት ብበልጣቸው ነው። ከዚያ ማሽኑ ሁለተኛ እንዲህ እንዳይል አደረጉት። ሲወጣ በሚያጠፋው መስመር መጨረሻ ላይም «እውነት» የምትል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ጨመሩበት። ሥራዋ ምን መሰለዎት? የታዘዘው ቢሳካም «ተሳክቷል» በል፣ ባይሳካም «ተሳክቷል» በል ማለት ነው። ስብሰባ ላይ የምንለውን ማለት ነው።

ግልባጭ ይኑረንም ብዬ ነበር። በፍላሽ እንቅዳው፣ አንድ ቀን ቢበላሽስ ብዬ። «ሲስተም አይሞትም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሲስተሙ አልሞተም። ይኸው ጤነኛ ነው፣ ይበራል፣ ይዘፍናል። የሞተው የሰዉ ስም ብቻ ነው።

ስብሰባው ላይ «የዩዘር ስሕተት ነው» ሲሉ ሰምተዋቸዋል። ዩዘር ማለት ተጠቃሚ ማለት ነው ተብሎም ተተረጎመ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። እርስዎም አዩኝ እትዬ… አልተቀየምሁም፤ የሚያዩት ሌላ ሰው አልነበረማ። ዘጠነኛን ያልጨረሰች፣ ልጅ ያዘለች፣ ስትጠየቅ ድምፅዋ የማይሰማ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ፤ ይህን ተረት ሁልጊዜ የምንሰማው ስለ አህያው ነው። ዳውላው ምን ይላል ብሎ የጠየቀ አለ? ዳውላው አፉ የተሰፋ ነው። ለዚያ እኮ ነው የሚመረጠው።

አያ ገብሬን አዩአቸው፣ ከደጋው የመጡትን? ያ ቀጭኑ፣ ጥቁር ካባ የደረቡት። ከንጋት ጀምሮ ጆንያውን እየፈቱ ገብሱን በመዳፋቸው አሽተው፣ አሽትተው፣ መልሰው ሲያስሩ ነበር። የእሳቸው ቶሎ የሚደርሰው ነው። ማሳቸው ከገደሉ አፋፍ ነው፤ ዝናቡ ከሁሉ ቀድሞ የሚሸሸው ከእሳቸው ነው። የዘገየውን ከዘሩ ጥቅምት ላይ የሚያጭዱት ገለባ ነው። ስድስተኛውን ጆንያ ሲያስሩ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ምን በድዬሽ ነው?» አሉኝ… ቢቆጡ እችለው ነበር። ቢሰድቡኝ እችለው ነበር። በዚያ ድምፅ ሲጠይቁኝ ግን «አባቴ፣ እኔ ዩዘር ነኝ» ልበላቸው?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል ነበር ድሮ። ዘመኑ ምንኛ አደገ። አሁን የቸኮለው ያፈስሳል፣ ሌላዋ ትለቅማለች፣ ለቅማ ካልጨረሰች ደግሞ ማኅተም ያርፍባታል።

ከሰኞ በኋላ ምን እንደምሠራ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። አልጠየቁኝም፣ ደግ አደረጉ። እኔም አላውቀውም። ባሌ ከሄደ ወዲህ የዚችን ልጅ ወተት የሚያመጣው ይህ ወንበር ነው። ሌላ ቦታ ልቀጠር ብልስ? «ከዚያ ለምን ወጣሽ?» ሲሉኝ፣ «የሦስት ቀበሌ ዘር አጥፍቼ» የሚል ወረቀት ነው የማሳያቸው። በዚህ ከተማ ዘር ያጠፋች ሴት እሳት እንኳ የሚያውሳት አታገኝም። እሱ ግን የእኔ ጉዳይ ነው፤ የደስታ ወሬ ላይ የኀዘን አላንሣ።

ደስታውን አልሰሙም እንዴ? እኒያ የማልጠራቸው ሰው አደጉ። ሰኞ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳሉ። ያን ባለ ቀለም ፕሮግራም በወገዳም፣ በመካነ ኢየሱስም ሊተክሉት ነው አሉ። እሰይ ነው። የወገዳ ገበሬም ድፎ ዳቦውን ይይ እንጂ፣ እኛ ብቻ ለምን? የእነሱ መዝገብ ስሙ «ዘር» ካልሆነ ምንም አይሆኑም። የዘር መዝገብን ደግሞ ማን «ዘር» ይለዋል?

ይህች? … ወረቀት ናት። ከእጄ ላይ አዩብኝ አይደል? ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው ያተምኋት። ፕሮግራሙ ቢወጣም ያች የእንግዳ ሥርዓት ያልኋት ስክሪፕት ሰውየው ሲሠሩበት በነበረው ፎልደር ውስጥ ቀርታለች። ሁሉን ጠራርገው ይችን ረሷት፤ የሰው ቤት እንጂ የራሳቸውን አይጠርጉም መሰለኝ። አሥራ አንድ መስመር ናት። በዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ትነበባለች። መዝገበ ቃላት ያስፈለገኝ ለሁለት ቃል ብቻ ነው። ሰባተኛዋ መስመር ላይ፣ ይኸውልዎት፣ «ካለ እለፍ»። ዐሥረኛዋ ላይ «ከነቤቱ አጥፋ»። ዐሥረኛዋ ጫፍ ላይ «እውነት»።

ከሁሉ ደስ ያለኝ ከላይ ያለው ነው። የሠራው ሰው ስም አለበት፤ ከነአባት ስም፣ ከነቀኑ። ትሑት ያልኋቸው ያለ ነገር አይደለም። ሲሠሩ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ሲያጠፉ ግን ለሌላ ሰው ይለቃሉ። ይችን ያህል ቸርነት ከማን ይገኛል? እኔ ስሙን አልጠራውም። መነጽርዎን ካደረጉ እርስዎ ራስዎ ያነቡታል።

በሉ፣ ገበሬዎቹ እየጠበቁኝ ነው፤ ልነሣ። ሰውየውን ግን ሳንመርቅ አንለያይ፣ ያደገ ሰው ሳይመረቅ አይሸኝም። ውስጥ ያሉትም ስለማይሰሙን አያፍሩብንም።

እግዚአብሔር እድገታቸውን ያጽናላቸው። መንገዳቸውን ደረቅ ያድርግላቸው፣ ጫማቸው እንዳማረበት ይድረሱ። በገቡበት ሁሉ ቀድሞ የሠራ፣ ቤቱን አሙቆ የሚጠብቃቸው አይጡ። ልጅ ይውለዱ፣ ሀብት ያፍሩ፣ ስማቸው ከብዙ መዝገብ ይጻፍ። ዕድሜ ጠግበው፣ ተከብረው፣ ከሥራቸው የሚሰናበቱበት ቀን ሲደርስ ደግሞ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንላቸዋለሁ፤ የሚያሰናብታቸው ሰው ልክ እንደ ራሳቸው ጠንቃቃ ይሁንላቸው። አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ።

እትዬ አልጣሽ መነጽራቸውን ከመሳቢያው አወጡና ክንዳቸውን ከደብዳቤው ላይ አነሡ። እኔም ከነጠላዬ ጫፍ ላይ መርፌ ቁልፌን ነቀልሁ፤ ከደብዳቤው ግርጌ በእጄ «አባሪ፦ አንድ ገጽ» ብዬ ጻፍሁና ወረቀቷን ከኋላው አያያዝኋት።